ይኼ ዘፈን ምን አደረገኝ?

እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከጆሮዬ በቀር...

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራዬን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ለማታውቁ ልንገራችሁ። እዚሁ ነታንያ አንድ ሱፐርማርኬት በር ላይ ሽሚራ እሠራለሁ። «ሻሎም፣ ቦርሳውን» እላለሁ፣ አያለሁ፣ አሳልፋለሁ። ብዙ ሰው ይኼ ሥራ የዓይን ሥራ ይመስለዋል። የጆሮ ሥራም ነው! ልክ ከራሴ በላይ ጣሪያው ላይ ድምፅ ማጉያ አለ፤ ስምንት ሰዓት ሙሉ ይዘፍናል። ደንበኛው ዳቦና ወተቱን ይዞ በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ይወጣል፤ ዘፈኑ ለእሱ አንዴ ነው የሚያልፈው። እኔ ዘንድ ግን ያው ዘፈን ጠዋት ይመጣል፣ ከምሳ በኋላ ይመጣል፣ ፈረቃ ልለቅ ስል ደግሞ ሊሸኘኝ ይመጣል። አሁን የኦሜር ቆጠራ ላይ ነን። እኔ እንደ ብዙዎቹ በእነዚህ ቀናት ሙዚቃ አልከፍትም። ሱፐርማርኬቱ ግን ኦሜር አያውቅም። ቤት ገብቼ ጸጥታ ውስጥ ስቀመጥ የሱፐርማርኬቱ ዘፈን ጭንቅላቴ ውስጥ ብቻውን ይቀጥላል። ማን ከፈተው?

በዚህ ላይ ቤታችን ሠርግ አለ። ሁለተኛዋ ልጄ ከሻቩኦት በኋላ ልትዳር ነው፣ እግዚአብሔር ከፈቀደ። አዳራሹ ተይዟል፣ ዲጄውም ተይዟል። እኔም አባት ነኝና ኃላፊነቴን ልወጣ ብዬ አንድ ወረቀት ጻፍኩ፤ «የማይዘፈኑ ዘፈኖች» ብዬ። ሳላስበው ሃያ ሦስት ደረሱ። ወረቀቱን ፍሪጅ ላይ ለጥፌው ልጄ አገኘችው። ቆማ አነበበችው። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ረጋ ብላ፣

«አባዬ፣ እነዚህ ዘፈኖች ምን አደረጉህ?» አለችኝ።

«መጥፎ ናቸው» አልኳት።

«መጥፎ ማለት ምን ማለት ነው?»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ መልስ አጣሁ። «ዝም ብለው ያናድዳሉ» ብዬ ወደ ሥራ ሄድኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩ ላይ ቆሜ የማስበው ይኼንኑ ነው። አንዱ ዘፈን ደስ የሚለን፣ አንዱ የማይጥመን፣ አንዱ ደግሞ ደማችንን የሚያፈላው ለምንድን ነው?

መጀመሪያ «ስለሚደጋገም ነው» ብዬ ነበር። ግን መደጋገም ሁለት ፊት አለው። ኔታ ባርዚላይ በ2018 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሊዝቦን ላይ ዩሮቪዥንን ያሸነፈችበትን «ቶይ» የተባለውን ዘፈን ታስታውሱታላችሁ? እንደ ዶሮ የምታስካካበትን? እኔ ጎንደር ገጠር ያደግሁ ሰው ነኝ፤ የዶሮ ድምፅ አይናፍቀኝም። መጀመሪያ ስሰማው «ይቺ ልጅ እንቁላል ልትጥል ነው እንዴ?» ብዬ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት የአንዲት አሮጊት ጋሪ ስፈትሽ እኔው ራሴ በአፌ ውስጥ ሳስካካ ተያዝኩ። አሮጊቷ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ለዚህ ሳይንስም አለው። ሮበርት ዛየንስ የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር በ1968 ባሳተመው ጥናት ትርጉም የሌላቸው ቃላትና የቻይና ፊደል የሚመስሉ ምልክቶች ለሰዎች እየደጋገመ አሳይቷቸው፣ ሰዎቹ ብዙ ጊዜ ያዩትን ይበልጥ ወደዱት። ምንነቱን ሳያውቁት! ዳንኤል በርላይን የሚባል ሌላ ምሁር ደግሞ በ1970ዎቹ ነገሩ እንደ ኮረብታ ነው አለ፦ በጣም ቀላል የሆነው ይሰለቻል፣ በጣም የተወሳሰበው ያደክማል፣ የምንወደው መካከለኛውን ነው። በ2016 ደግሞ በእንግሊዝ አገር እነኬሊ ያኩቦቭስኪ 3,000 ያህል ሰዎች ጠይቀው፣ ጭንቅላት ውስጥ ተጣብቀው የሚቀሩት ዘፈኖች ፈጠን ያሉ፣ ዜማቸው ለመያዝ የሚቀል፣ ነገር ግን መሐል ላይ አንድ ያልተጠበቀ ዝላይ ያላቸው ናቸው ብለው ጻፉ። የሱፐርማርኬቱ ነገር በዚህ ተፈታልኝ።

የእኔ ወረቀት ግን አልተፈታም። ምክንያቱም ከሃያ ሦስቱ ዘፈኖች ውስጥ ብዙዎቹን ደጋግሜ አልሰማኋቸውም። አንዳንዶቹን ሦስት ጊዜ እንኳ ብሰማቸው ነው። እንዲያውም ቁጭ ብዬ ስቆጥራቸው አንድ ነገር አየሁና ደነገጥኩ፦ ከሃያ ሦስቱ ዘጠኙ አማርኛ ወይም አማርኛ ያለባቸው ነበሩ። ፈረንሳይኛ አንድም የለም። ሩሲያኛም የለም።

ነታንያን የምታውቁ ይኼ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። ቅዳሜ ማታ ሻባት ሲወጣ ወደ ኪካር ሃዓጽማኡት ውረዱ። ባሕሩ አጠገብ ካፌው ሁሉ ፈረንሳይኛ ነው፤ ሰውም ዘፈኑም። አንዲት ሴት ስለምን እንደሆነ እግዚአብሔር ይወቅ፣ እያለቃቀሰች ትዘፍናለች። እኔ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ የሱፍ አበባ ፍሬዬን እበላለሁ፤ ቅንጣት ታህል አልናደድም። የማያውቁት አገር አይናፍቅም እንደሚባለው የማያውቁት ዘፈንም አያናድድም። እኔን አልጠራችኝማ! ከሰዎቿ ጋር ነው የምታወራው፤ ታውራ።

የሚያናድደው ሌላ ነው። ስሜን ጠርቶ፣ ዞር ስል ከሌላ ሰው ጋር የሚያወራ ዘፈን ነው።

ይኼን ላብራራው። በ2002 የኢዳን ራይኸል ፕሮጀክት የመጀመሪያ አልበም ሲወጣ፣ በዕብራይስጥ ራዲዮ ከዕብራይስጡ መሐል አማርኛ መሰማት ጀመረ። ያን ጊዜ እዚህ አገር ከመጣሁ ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከመጣነው ከ14,000 በላይ ሰዎች አንዱ ነኝ። አማርኛን በራዲዮ የምንሰማው በረቃ ጣቢያ ነበር፤ ለአዲስ መጤዎች ተብሎ በ1991 በተከፈተው። እዚያ ስለ ቢቱዋሕ ለኡሚ፣ ስለ ግብር፣ ስለ ክትባት ይነገረናል። እና በአውቶቡስ ውስጥ፣ ሾፌሩ በከፈተው የዕብራይስጥ ጣቢያ፣ በድንገት ቋንቋዬ! ልቤ ዘለለ። ዙሪያዬን አየሁ፤ አንዱም ተሳፋሪ ቀና አላለም። ለእነሱ ደስ የሚል ድምፅ ነው፣ እንደ ወንዝ ድምፅ። ቃሉ ምን እንደሚል የሰማሁት እኔ ብቻ። ከዚያ ደግሞ ዘፈኑ ወደ ዕብራይስጡ ተመለሰ፤ ታሪኩን የሚነግረው በዚያ ነው። አማርኛው ለምን መጣ? እንደ በርበሬ፣ ለመዓዛ?

ያን ቀን ስወርድ እየተናደድኩም እየተደሰትኩም ነበር። እስከ ዛሬ እንደዚያው ነኝ። ፍርደ ገምድል እንዳልሆን፦ በሱዳን የስደተኞች መጠለያ የተወለደችው ካብራ ካሳይ በዚያ ፕሮጀክት ውስጥ ዘፍና አገር አወቃት፤ ልጆቻችንም በትምህርት ቤት በአማርኛ ማፈር ቀነሱ። ይኼ ትንሽ ነገር አይደለም። ለእኔ ግን መንገድ ላይ ስሙን ጠርተውት «ይቅርታ፣ ሌላ ሰው መስለኸኝ ነው» እንደተባለ ሰው ሆንኩ።

ሁለተኛው ምሳሌ ይበልጣል። በ2020 ኤደን አለነ ዩሮቪዥን ላይ እስራኤልን እንድትወክል ስትመረጥ፣ ከቤተ እስራኤል ልጆች የመጀመሪያዋ ነበረች። የተመረጠው ዘፈን «ፌከር ሊቢ» ይባላል፤ ዶሮን መዳሊ (የዚያች የዶሮዋ ዘፈን አንዱ ደራሲ እሱ ነው!) እና ኢዳን ራይኸል የጻፉት። እንግሊዝኛ፣ ዕብራይስጥ፣ ዐረብኛና አማርኛ አለበት። እናቴ ነፍሷን ይማረው ያን ጊዜ ነበረች። በቴሌቪዥን ስትሰማ «ልቢ? ምን ልቢ ነው? ልቤ ነው እንጂ!» አለች። እኔም ቀጠልኩ፤ «ልቤ ቢልስ? ፍቅር ልቤ አይባልም፣ የልቤ ፍቅር ነው የሚባለው!» እናትና ልጅ ሶፋ ላይ ተቀምጠን የሰዋስው ፈተና አረም። ልጅቷ ግን እየዘፈነች ነው፤ ያ ድምፅ! ውድድሩ በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ፤ በማግስቱ ዓመት ኤደን በሌላ ዘፈን ሮተርዳም ሄዳ 17ኛ ወጣች፣ በዩሮቪዥን ታሪክ ከፍተኛ የተባለውንም ድምፅ አወጣች። «ፌከር ሊቢ» ግን ቤታችን ውስጥ መቀለጃ ሆኖ ቀረ። የወረቀቴ አራተኛ ተራ ላይ ያለው እሱ ነው።

ወደዚህ እመለስበታለሁ።

በመሐሉ ግን አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገራችሁ። ቪታሊ ኮማርና አሌክሳንደር መላሚድ የሚባሉ ሁለት ሠዓሊዎች ነበሩ፤ ከሶቭየት ኅብረት ወጥተው በ1977 እዚህ እስራኤል የገቡ፣ ቆየት ብለው ወደ ኒው ዮርክ የተሻገሩ፤ እንደ እኛው ስደተኞች መሆናቸው ነው። እነሱና ዴቭ ሶልጀር የተባለው የሙዚቃ ደራሲ በ1997 ሰዎችን በመጠይቅ፣ ምን ዓይነት ዘፈን ትወዳላችሁ፣ ምን ትጠላላችሁ ብለው ጠየቁ። ከዚያም በመልሱ መሠረት ሁለት ዘፈን ሠሩ። የሚወደደው አምስት ደቂቃ ያህል ነው፤ የወንድና የሴት ድምፅ፣ ጊታር፣ ፒያኖ፣ ሳክስፎን፣ ስለ ፍቅር። የሚጠላው ሃያ ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው! የስኮትላንድ የቆዳ ዋሽንት፣ አኮርዲዮን፣ የኦፔራ ዘፋኝ ስለ ከብት ጠባቂዎች ራፕ ስታደርግ፣ የሕፃናት መዘምራን በበዓል ቀን ገበያ ውጡ እያሉ ሲያስተዋውቁ... ሁሉም ባንድ ላይ።

ሁለቱንም ከኦሜር በፊት አንድ ሌሊት ሰማኋቸው። የሚወደደው ዘፈን ሲያልቅ ማለቁን አላወቅኩም። እንደ ሆስፒታል ሾርባ ነው፤ ማንንም አይጎዳም። የሚጠላው ግን በሦስተኛው ደቂቃ ያስቀኝ ጀመር። «አሁን ደግሞ ምን ሊያመጡ ነው?» እያልኩ እስከ መጨረሻው ቁጭ አልኩ። ሚስቴ ከመኝታ ቤት «ምን ሆንክ?» እስክትለኝ። በመጠይቁ መሠረት የመጀመሪያውን መውደድ፣ ሁለተኛውን መጥላት ነበረብኝ። ለምን ተገለበጠ? የመጀመሪያው ሁሉን ነገር ራሱ ጨርሶታል፤ እኔ እዚያ ምን ልሥራ? ሁለተኛው ውስጥ ግን ቢያንስ መሳቅ ነበረብኝ፤ መገመት ነበረብኝ፤ ሥራ ሰጠኝ።

እዚህ ላይ ነው የአባቴ አገር ትዝ ያለኝ።

አዝማሪ ሲዘፍን ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ እዚህ ተወልዳችሁ አማርኛ የምታነብቡ ልጆች ካላችሁ ደግሞ (ብትኖሩ ደስታዬ ነው) ልንገራችሁ። በልጅነቴ የእኛ ሰዎች ሠርግ ላይ ከጎረቤት መንደር አዝማሪ ይጠራ ነበር። ማሲንቆውን ይዞ ይመጣል። መድረክ የለም፤ በሰው መሐል ይዞራል። ከታዳሚው አንዱ ድንገት «ተቀበል!» ይለዋል። ሁለት መስመር ግጥም ይወረውርለታል፤ ሰምና ወርቅ ያለው ከሆነ ደግሞ ግማሹ ሰው ይስቃል፣ ግማሹ ሰው ማን እንደተነካ ዞር ዞር ብሎ ያያል። አዝማሪው ያንኑ ግጥም በዜማ ተቀብሎ ይመልሰዋል። ግጥሙ ያንተ ነው፣ ድምፁ የሱ ነው። አንድ ቀን አንድ ምንም የማይናገር ሽማግሌ አጎቴ፣ ከዓመት እስከ ዓመት ዝም የሚል፣ ከጥግ ተነሥቶ «ተቀበል» አለ። ምን እንዳለ አላስታውስም፤ ልጅ ነበርኩ። እናቴ ማልቀሷን ብቻ አስታውሳለሁ። ሰውየው የሚናገርበት ሌላ መንገድ አልነበረውም፤ ዘፈኑ ውስጥ ቦታ ተሰጠው።

ሌላውም ዘፈናችን እንደዚያው ነበር። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። የማይችል ያጨበጭባል፣ ሴቱ እልል ይላል። የማይዘፍን ሰው የለም። መጥፎ ዘፈን አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ ነበረ እንጂ! ገንዘብ ያለውን ሰው ብቻ እየዞረ የሚያወድስ አዝማሪ አልነበረም? ነበረ፤ ሁሉም ይጠላዋል። ለምን? ግጥሙን ከማንም ሳይቀበል፣ ከአንዱ ኪስ ጋር ብቻ እያወራ ሌላውን ግድግዳ ስለሚያደርገው።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይኼ ነው። ዘፈን የሚያናድደን ዜማው ስለከፋ ብቻ አይደለም። ተቀባይ አድርጎ ጠርቶን የምንቀበልበት ቦታ ሲያሳጣን ነው። በእኛ አዳራሾች የሚሆነውን አስቡት። ነገሩ የመጣው ከሩቅ ነው፤ በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊው የአዲስ አበባን የሌሊት ሕይወት ሲገድለው እነዚያ ትልልቅ የነፋስ መሣሪያ ባንዶች ተመናመኑ፤ ካሴትና ኪቦርድ ቦታቸውን ያዙ። ዛሬ በነታንያ አዳራሽ አንድ ሰው ኪቦርዱን ይዞ አውጪም ተቀባይም አጨብጫቢም ራሱ ነው፤ ማሽኑ ያጨበጭብለታል! ድምፁ ደግሞ አቤት... አክስቴ ባለፈው ሠርግ ሶፍት ጆሮዋ ውስጥ ወትፋ ነበር የተቀመጠችው። እልል ብትል ማን ይሰማታል? በወጣትነቷ እልልታዋ ማዶ ተራራ ድረስ የሚሰማ ሴት ነበረች።

«ታዲያ ቋንቋው የማይገባህስ?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የቄሶቻችን ጸሎት በግዕዝ ነው፤ አገውኛም አለበት። እኔ እውነት ለመናገር ከዐሥሩ ቃል ሦስቱን ብሰማ ነው። በስግድ ቀን ኢየሩሳሌም አርሞን ሃናጺብ ላይ ቆመን (ስግድ በ2008 በክነሴት ሕግ የአገር በዓል ሆኗል፤ ወጣቶቹም በብዛት ይመጣሉ) ዜማው ረጅም ነው፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ግን አንዱ ቄስ ያነሣል፣ ሌሎቹ ይመልሳሉ፤ አንዱ ወገን ሲያርፍ ሌላው ይይዛል። ሕዝቡ ይሰግዳል፣ እጁን ይዘረጋል። ቃሉ ሳይገባኝ ቦታዬን አውቃለሁ። ልጄ ስድስት ዓመቷ ሆኖ እዚያ ጃንጥላ ሥር ትከሻዬ ላይ ተኝታለች። መተኛትም ቦታ ነው። በሱፐርማርኬት ድምፅ ማጉያ ሥር ልጅ የሚተኛ አይመስለኝም።

እስከዚህ ስደርስ ራሴን በጣም አደነቅኩ። መልስ አገኘሁ ብዬ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝና አፈርኩ።

መጀመሪያ ነታንያ በገባንበት ሕንፃ ከበላያችን አንድ ጎረቤት ነበረ። ሻባት ሲወጣ ካሴት እንከፍታለን፤ ትዝታ። እሱ በመጥረጊያ እንጨት ወለሉን ይደበድባል። አንድ ቀን ደረጃው ላይ «ይኼ ሙዚቃ አይደለም፣ ልቅሶ ነው» አለኝ። ትዝታ በአምስት ድምፅ የተሠራ ቅኝት ነው፤ ጆሮው በሰባት ድምፅ ላደገ ሰው የጎደለ ይመስለዋል። ይኼን ያን ጊዜ በምን ዕብራይስጥ ልንገረው? የሚገርመው ጎረቤቴ ራሱ ከሞሮኮ የመጡ ሰዎች ልጅ ነበር፤ የእነሱን ዘፈን ደግሞ ከእኛ በፊት የነበሩት «ጩኸት» ብለውታል። የምሥራቃውያኑ ዘፈን ለዓመታት በራዲዮ ብዙ ቦታ ሳያገኝ በቴል አቪቭ አውቶቡስ ጣቢያ በካሴት ይሸጥ ነበር። ዞሃር አርጎቭ በ1982 በ«ፔራሕ ብጋኒ» ነው ያንን በር የገፋው፤ እሱም በ1987 በሠላሳ ሁለት ዓመቱ ሞተ። ዛሬ ያ «ጩኸት» የተባለው ነው ከሱፐርማርኬቱ ጣሪያ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚዘፍንልኝ!

እንግዲያው «ያናድዳል» ስንል ሁልጊዜ ስለ ዘፈኑ አይደለም የምንናገረው። አንዳንዴ ዘፋኙ ማን እንደሆነ ነው፤ ከየት እንደመጣ ነው። አንዳንዴ ደግሞ አውጪው በትክክል አውጥቶ፣ ተቀባዩ ነው እምቢ የሚለው። ጎረቤቴ እምቢ አለ። እኔስ? ወረቀቴን ይዤ በመጥረጊያ እንጨት የልጄን ወለል እየደበደብኩ አልነበረም?

ስለዚህ ወደ «ፌከር ሊቢ» እንመለስ። ባለፈው ሳምንት ለልጄ ያንን የሰዋስው ነገር ነገርኳት፤ እናቴ «ልቢ ምንድን ነው» ያለችውን። እሷም «አባዬ፣ ሊቢ እኮ ዕብራይስጥ ነው። ልቤ ማለት ነው» አለችኝ። ዝም አልኩ። ለካ ፍቅሩ አማርኛ ነው፣ ልቡ ዕብራይስጥ። ደራሲዎቹ አስበውበት ይሁን ሳያስቡት አላውቅም፤ ልጄ ግን የሰማችው እንደዚያ ነው። እሷ ደግሞ የምታወራው እንደዚያ ነው፤ ግማሹን ከእኔ ወስዳ ግማሹን ከመንገድ። ዘፈኑ ስሜን ጠርቶ ከሌላ ሰው ጋር አወራ ብዬ ነበር የተናደድኩት። ያ ሌላ ሰው እሷ ነበረች።

አንድ የመጨረሻ ነገር ልጨምር፤ የከተማችን ጉዳይ ስለሆነ። አስቴር ራዳን ታውቋታላችሁ፤ ቂርያት አርባ ተወልዳ በልጅነቷ ወደ ነታንያ የመጣች፣ እዚሁ ያደገች ናት። በ2013 ባወጣችው ሥራ ውስጥ የሙሉቀን መለሰን «ናኑ ናኑ ነዬ» ዘፍናዋለች። የሙሉቀንን ታሪክ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ በወጣትነቱ አገር ያበደለት ድምፃዊ፣ ወደ አሜሪካ ሄዶ፣ በእምነቱ ምክንያት ዘፈኑን እርግፍ አድርጎ ተወ፤ ለአምላኩ ብቻ ሲዘምር ኖሮ በ2024 እዚያው አረፈ። ሰውየው የተወውን ዘፈን የነታንያ ልጅ አነሣችው።

መጀመሪያ የሰማሁት ቀን «አነጋገሯ ተሰባበረ» ብዬ ዘጋሁት። አታሞ በሰው እጅ ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ይባላል፤ እኔ ደግሞ አታሞውን ሳልይዝ ነው የተቸሁት። በሌላ ጊዜ ልጄ መኪና ውስጥ ከፈተችው። ጥሩምባው ገባ፣ ከበሮው ገባ፤ ያልጠበቅኩት ቦታ ላይ ይመታል። የእኔ ዘመን ዘፈን ነው፣ የእኔ ዘመን ግን አይደለም። ልጄ አብራት ትዘፍናለች፤ ቃሉን ግማሹን ስታ። ሳላስበው የሳተችውን ቦታ እየሞላሁ መዝፈን ጀመርኩ። እሷ ታወጣለች፣ እኔ እቀበላለሁ። ከፖሌግ እስከ ቤታችን ድረስ ሦስት ጊዜ መለስነው። ሦስት ጊዜ! ስለ መደጋገም ማን ቅሬታ አቀረበ?

ወረቀቱን ከፍሪጁ ላይ አነሣሁት። ሙሉ በሙሉ አልተውኩትም፤ ውሸት አልነግራችሁም። ከሃያ ሦስቱ አምስት ቀርተዋል፤ እነሱን እስከ ዕለተ ሞቴ እቃወማለሁ። «ፌከር ሊቢ» ወጥቷል። ልጄም በበኩሏ አንድ ነገር ፈቀደች፤ ዲጄው ለሃያ ደቂቃ ያርፍና ማሲንቆ የሚመታ ሰው ይገባል። እኔ አርባ ደቂቃ ብዬ ነበር፤ ሃያ አለች፤ የሙሽራው ወገን ማሲንቆ አይቶ አያውቅም። ያለ ማይክራፎን በጠረጴዛዎቹ መሐል እንዲዞር ተስማምተናል። አክስቴ ሶፍቷን ታወጣለች ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ትናንት ማታ ልጄ «አባዬ፣ አንተ ተቀበል ትላለህ አይደል?» አለችኝ። «እላለሁ» አልኳት። «ምን ትላለህ?» «አይነገርም፣ እዚያው ነው የሚሰማው» አልኳት፤ ኮራ ብዬ። እውነቱ ግን ገና አንድ መስመር አልጻፍኩም። በአማርኛ ብቻ ካልኩት እሷ ሳይገባት እኔና አክስቴ እናለቅሳለን። ዕብራይስጥ ከቀላቀልኩበት ደግሞ... እናቴ ብትኖር ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ። አሁን ከሱፐርማርኬቱ በር ላይ ሆኜ ቤት የሚመታ ቃል እየፈለግኩ ነው፤ ከራሴ በላይ ያለው ድምፅ ማጉያ ግን አላስችለኝ አለ።

ሻባት ሻሎም!